አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ጠቃሚ ነውን?

ቅጠላ ቅጠልን በማዳበሪያ አማካይነት በማዕድን ስለ ማበልጸግ



በጓሮ አትክልት ክበባችን ውስጥ በየጊዜው የሚነሣ ክርክር አለ። ከፊሎቻችሁ «ገንዘብ አዋጥተን ዩሪያ እንግዛ፤ ጎመኑ ቶሎ ይደርሳል፣ ቅጠሉም ጠቆር ይላል» ትላላችሁ። ከፊሎቻችሁ ደግሞ «የፍየል በጠጥ ይበቃናል፣ ምን ገንዘብ ያስወጣናል?» ትላላችሁ። ላይ ላዩን ሲያዩት ክርክሩ ስለ ገንዘብ ይመስላል። ከሥሩ ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ጎመን የምንተክለው ለምንድን ነው? ሆድ ለመሙላት ብቻ ከሆነ ፈጥኖ የሚደርሰውና ሰፊው ቅጠል ያሸንፋል። ለጤና ከሆነ ግን ቅጠሉ በውስጡ ምን እንደያዘ ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ ልታስታውሱት የምፈልገው ዋና ቁም ነገር አንድ ነው። ቅጠል ማዕድን የሚሰጠን ከአፈር ያገኘውን ያህል ብቻ ነው፤ ያገኘው ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ አረንጓዴነቱን በማየት ብቻ አይታወቅም። ለአፈሩ የጎደለውን ሰው በልኩ ሊሰጠው ይችላል። «በልኩ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ስለ ቅጠል መነጋገር ለምን አስፈለገ?

በመጠለያ የሚኖር ቤተሰብ ምግብ በአብዛኛው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ለብዙዎቻችን የየዕለት ምግብ አይደሉም። ስለዚህ ጎመን፣ ሱኩማ ዊኪ፣ ቆስጣ፣ አሉማና የሽፈራው ቅጠል ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ ትልቅ ሸክም ይሸከማሉ። እህሉ የማይሰጠንን ከእነርሱ እንጠብቃለን።

ከምንጠብቃቸው ማዕድናት መካከል አራቱን እንመልከት።

ብረት ደማችን ኦክስጅን እንዲሸከም ያደርጋል። ሲጎድል የደም ማነስ ይመጣል። ተማሪው ቶሎ ይደክማል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ሐሳቡ አይሰበሰብለትም። የወር አበባ ማየት የጀመሩ ልጃገረዶችና ነፍሰ ጡር እናቶች የበለጠ ብረት ያስፈልጋቸዋል።

ዚንክ ለዕድገት፣ ለቁስል መዳንና በሽታን ለመከላከል ያገለግላል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን በጤና ጣቢያ ከሚሰጠው መድኃኒት አንዱ የዚንክ እንክብል የሆነው ለዚህ ነው።

አዮዲን አንገታችን ላይ ላለው ዕጢ ያስፈልጋል። ሲጎድል እንቅርት ይወጣል። ከእንቅርት የከፋው ግን የማይታየው ጉዳት ነው፤ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን በብርቱ ከጎደላት የልጁ አእምሮ ሳይወለድ ይጎዳል።

ሴሊኒየም የሰውነትን ሕዋሳት ከጉዳት ይጠብቃል፤ ያ የአንገት ዕጢም ሥራውን በሚገባ እንዲሠራ ያግዘዋል።

ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለ ወንድ ልጅ በቀን 11 ሚሊግራም ብረትና 11 ሚሊግራም ዚንክ ያስፈልገዋል። በዚያው ዕድሜ ያለች ልጃገረድ 15 ሚሊግራም ብረትና 9 ሚሊግራም ዚንክ ያስፈልጋታል። አዮዲን ለሁለቱም 150 ማይክሮግራም፣ ሴሊኒየም 55 ማይክሮግራም ነው። አንድ ግራም አንድ ሚሊዮን ማይክሮግራም መሆኑን አስታውሱና አስሉት። በየቀኑ 150 ማይክሮግራም አዮዲን የሚያገኝ ሰው 70 ዓመት ቢኖር በዕድሜው ሙሉ የሚወስደው ከ4 ግራም አይበልጥም። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ይህች ትንሽ ነገር ስትጎድል ግን ሕይወት ይበላሻል።

ማዕድን ከየት ይመጣል?

ተክል ብዙ ነገር ራሱ ይሠራል። ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውኃና ከአየር ስኳርና ስታርች ያዘጋጃል። ቫይታሚን ሲንም ይሠራል። ማዕድንን ግን ሊሠራ አይችልም። ብረት ብረት ነው፣ ዚንክም ዚንክ ነው፤ ከሌላ ነገር አይሠሩም። ተክሉ ከአፈሩ ውኃ ጋር በሥሩ መጥጦ ይወስዳቸዋል፤ በአፈሩ ውስጥ ከሌሉ ወይም አፈሩ አጥብቆ ከያዛቸው ያጣቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ተክል የሚፈልገውና ሰው የሚፈልገው አንድ አይደለም። ብረትና ዚንክ ለጎመኑም ለእኛም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ በጣም ሲጎድሉት ጎመኑ ይናገራል። ብረት ሲያጣ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፤ ሥሮቻቸው ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ዚንክ ሲያጣ ቅጠሉ ያንሳል፣ ተክሉም ይቀነጭራል። አዮዲንና ሴሊኒየም ግን ለጎመን አስፈላጊ አይደሉም። ያለ እነርሱ አድጎ፣ አብቦ፣ ዘር ሰጥቶ ዕድሜውን ይጨርሳል። ቅጠሉ ለምለም፣ ገበሬው ደስተኛ፣ ገዢውም ረክቶ፤ በዚያ አገር ግን ሕዝቡ በእንቅርት ሊሠቃይ ይችላል። ዓይን አይቶ የሚያውቀው ነገር አይደለም።

ዩሪያ ምን ይሰጣል?

ዩሪያ ከመቶ እጅ 46ቱ ናይትሮጅን ነው። ለተክሉ ከናይትሮጅን በቀር ሌላ የሚሰጠው ማዕድን የለም። ናይትሮጅን ቅጠልን ያሰፋል፣ ያለመልማል፤ በልኩ ሲሆን መልካም ነው፣ ናይትሮጅን የተራበ ተክል ሌላውንም ማዕድን በሚገባ አይስብምና። ችግሩ ሲበዛ ነው።

ለአራት ሰው የተጣደ ወጥ ስምንት እንግዳ ሲመጣበት ምን ይደረጋል? ውኃ ይጨመርበታል። ድስቱ ይሞላል፣ ወጡ ግን ይቀጥናል። በዩሪያ ብቻ የተገፋ ጎመንም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ በፍጥነት ይሰፋል፤ አፈሩ ግን በዚያው ፍጥነት ዚንክና ብረት ማቅረብ ካልቻለ ያው ጥቂት ማዕድን በሰፊ ቅጠል ላይ ይበተናል። ከዚህም ሌላ ከመጠን ያለፈው ናይትሮጅን ናይትሬት በሚባል መልክ በቅጠሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ይህም በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት መልካም አይደለም።

የጀርመን ሊቃውንት ካርል ሽፕሬንግልና ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ያስተማሩት ሕግ ይህን ነገር ያብራራዋል። ከእንጨት ጣውላ የተሠራ በርሚል አስቡ። ዘጠኙ ጣውላ ረጅም፣ አንዱ ግን አጭር ቢሆን ውኃው እስከ አጭሩ ጣውላ ድረስ ብቻ ይሞላል። ረጅሞቹን ጣውላዎች ብታስረዝሟቸው አንዲት ጠብታ አትጨመርም። ተክልም የሚያድገው በጣም የጎደለው ንጥረ ነገር በፈቀደለት መጠን ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው «ምን ይጨመር?» ሳይሆን «የጎደለው ምንድን ነው?» ነው።

ሌሎች አገሮች ምን ሠሩ?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፊንላንድ አፈር ሴሊኒየም ለተክል በበቂ መጠን አይሰጥም ነበር። በ1984 መንግሥት ሴሊኒየም በማዳበሪያ ውስጥ እንዲቀላቀል ወሰነ፤ ከ1985 የእርሻ ወቅት ጀምሮም በአገሪቱ ሁሉ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው በቀን የሚያገኘው ሴሊኒየም 40 ማይክሮግራም ያህል ወይም ከዚያ በታች ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ። ትልቁ ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ፊንላንዶች ጨምረው ዝም አላሉም። እህሉን፣ ወተቱን፣ ሥጋውን፣ የሰዉንም ደም ያለማቋረጥ ለኩ። ከሚያስፈልገው በላይ መሆኑን ሲያዩ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መጠኑን ቀነሱት፤ በጣም ዝቅ ማለቱን ሲያዩ በ1998 እንደገና ጨመሩት።

በምዕራብ ቻይና፣ በሺንጂያንግ በኾታን አካባቢ ደግሞ የአዮዲን እጥረት እጅግ ብርቱ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለሙያዎች ፖታሲየም አዮዴት የተባለውን ጨው በውኃ አሟሙተው በመስኖው ቦይ ውስጥ በጠብታ አወረዱት። አዮዲኑ ከውኃው ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩ ወደ ሰብሉ፣ ከሰብሉም ወደ ሰውና ወደ በጉ አለፈ። ማንም ሰው እንክብል አልዋጠም፣ የምግብ ልማዱንም አልለወጠም። በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት አዮዲን ባገኙት ቦታዎች የሕፃናት ሞት መቀነሱን አሳይቷል።

በቱርክ ማዕከላዊ አናቶሊያ ያለው አፈር ደረቅና ኖራ የበዛበት ነው። በ1990ዎቹ እነ ፕሮፌሰር ኢስማኢል ቻክማክ ባደረጉት ጥናት ስንዴው የሚያስፈልገውን ዚንክ እንደማያገኝ ታወቀ። ለአፈሩ ዚንክ ሲሰጥ ምርቱ ጨመረ። ዚንክ ሰልፌት በውኃ ተሟሙቶ በቅጠሉ ላይ ሲረጭ ደግሞ በፍሬው ውስጥ ያለው ዚንክ ከፍ አለ።

በአገራችንስ? በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ገበሬው ማዳበሪያ ሲባል የሚያውቀው ዳፕንና ዩሪያን ነበር። ዳፕ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ፣ ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ይሰጣል እንጂ ዚንክ የላቸውም። የአገሪቱን አፈር በካርታ ላይ የማስፈር ሥራ በ2012 ከተጀመረ በኋላ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን የተቀላቀሉባቸው ማዳበሪያዎች መምጣት ጀመሩ። በ2021 ደግሞ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የኢትዮጵያና የማላዊ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ያደረጉት ጥናት ወጣ። ጥናቱ እንዳሳየው የእህል ብረት፣ ዚንክና ሴሊኒየም ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። በስም አንድ የሆነ ጤፍ እንኳ የተዘራበት አፈር ሲለይ ለበላተኛው የሚሰጠው ማዕድን ይለያል ማለት ነው። የማዕድን እጥረት የቤተሰቡ ስንፍና ሳይሆን የአፈሩ ዕጣ ሊሆን ይችላል።

የትኛው ማዕድን ወደ ቅጠል ይገባል?

አራቱም እኩል አይደሉም።

አዮዲን ከሥር ወደ ላይ ከሚወጣው ውኃ ጋር ይጓዛል። ውኃው ወደ አየር የሚተነው በቅጠል በኩል ስለሆነ አዮዲኑ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቆስጣና ሰላጣ ከእህል ፍሬ ይልቅ አዮዲንን በቀላሉ ይይዛሉ። ሴሊኒየምም ለተክሉ ከድኝ ጋር ስለሚመሳሰል በቀላሉ ይገባል፤ እነ ጎመን ደግሞ ድኝ ወዳድ ናቸው። ዚንክም በአፈር ወይም በቅጠል ላይ በመርጨት ሊጨመር ይችላል።

አስቸጋሪው ብረት ነው። ብረት በአፈር ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም፤ ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በብረት ዝገት ነው። ነገር ግን ኖራ በበዛበት አፈር ውስጥ ብረቱ እንደተቆለፈ ሳጥን ነው፤ ሥሩ ሊከፍተው አይችልም። አንዳንድ ሰዎች የዛገ ሚስማር በጎመን ሥር ይቀብራሉ። ይህ በተቆለፈ ሳጥን ላይ ሌላ የተቆለፈ ሳጥን መደረብ ነው። ለብረት የሚሻለው አፈሩን ማለስለስና ከዚያም በማብሰያው ቤት መጠንቀቅ ነው።

«በልኩ» የተባለበት ምክንያት

የሴሊኒየምን ቁጥር እንመልከት። የሚያስፈልገን በቀን 55 ማይክሮግራም ነው፤ እንዳናልፈው የተወሰነው ደግሞ 400 ነው። በመድኃኒቱና በመርዙ መካከል ያለው ርቀት ሰባት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። በቻይና ኤንሺ በተባለ አካባቢ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አፈሩና ሰብሉ ከመጠን ያለፈ ሴሊኒየም ስለነበረው የሰዎች ፀጉርና ጥፍር ረግፏል። ስለዚህ ሴሊኒየምን የሚጨምር መንግሥት ነው፤ ያውም እየለካ። ተማሪም ሆነ መምህር በጆንያ ጓሮ ላይ የሚሞክረው ነገር አይደለም።

አዮዲንም እንዲሁ ነው። የአዮዲን ጨው ጓሮ ላይ የመርጨት ሐሳብ ያላችሁ ካላችሁ ተዉት። በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን እጅግ ጥቂት ነው፤ የቀረው ጨው ግን አፈሩን ይገድለዋል። ለቁስል የሚቀባውን አዮዲንም በአትክልት ላይ እንዳታፈስሱ። ለእኛ የአዮዲን ትክክለኛ መንገድ በማሸጊያው ላይ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን ጨው በወጥ ውስጥ መብላት ነው።

በዚንክ ግን በክበቡ የግብርና ባለሙያ መሪነት መሥራት ይቻላል። መጠኑ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በስሌት እንየው። ለአንድ ሄክታር 5 ኪሎግራም ዚንክ ይሰጥ ቢባል፣ አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ግራም ይደርሳል። 10 ካሬ ሜትር ለሆነ መደብ 5 ግራም ማለት ነው። በገበያ ከሚገኙት የዚንክ ሰልፌት ዓይነቶች አንዱ ከመቶ እጅ 22 ያህሉ ዚንክ ነው። ስለዚህ 5 ሲካፈል ለ0.22፣ ወደ 23 ግራም ዚንክ ሰልፌት ይበቃል። ይህ መጠን ለጥቂት ዓመታት ሊያገለግል ስለሚችል በየወቅቱ አይጨመርም። «ትንሽ ከጠቀመ ብዙ ይበልጥ ይጠቅማል» ብሎ በእፍኝ የበተነ ሰው ተክሉን ያቃጥላል፣ አፈሩንም ይመርዛል። ከገዛችሁ ሚዛን ይኑር፣ ጓንት ይደረግ፣ ዕቃው ከሕፃናት ርቆ ይቀመጥ።

ያለ ገንዘብ ምን ማድረግ እንችላለን?

አንደኛ፣ አፈራችሁን ጠይቁት። አንድ ማንኪያ ደረቅ አፈር በሳህን አድርጉና ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ አውጥቶ ከተንጨረጨረ ኖራ አለበት፤ ብረትና ዚንክ ተቆልፈውበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ አፈር በደረቅ ቆላ የተለመደ ነው።

ሁለተኛ፣ እንዲህ ባለ አፈር ላይ አመድ አትጨምሩ። በደጋው አገር አፈሩ ኮምጣጣ በሆነበት ቦታ አመድ ይጠቅማል፤ ወላጆቻችን አመድ የሚበትኑት በዚያ ልምድ ነው። ኖራ ባለበት አፈር ላይ ግን ቁልፉን ያጠብቀዋል። ሳሙና የበዛበት የልብስ እጣቢም እንዲሁ ይጎዳል። በእሱ ፈንታ የአትክልትና የምስር ማጠቢያ ውኃ ተጠቀሙ።

ሦስተኛ፣ ብስባሽ አዘጋጁ። ደረቅ ሣርና ቅጠል፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የፍየል በጠጥና ጥቂት አፈር እየደራረባችሁ ከምሩ። እንደ ተጨመቀ ጨርቅ እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠብጠብ። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። በሦስት ወር ገደማ ጠቆር ብሎ የዝናብ አፈር ሲሸት ደርሷል። በጠጡ ከራሱ ዚንክና ሌሎች ማዕድናት ያመጣል፤ ብስባሹ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ የተቆለፉትን ብረትና ዚንክ በሥሩ ሊወሰዱ በሚችሉበት መልክ ይይዛቸዋል። ያልበሰበሰ ጥሬ ፍግ ግን ጀርምና የሆድ ትል ስለሚኖርበት በቅጠላ ቅጠል ላይ አይደረግም። በጆንያ የምትተክሉም አፈሩን ስትሞሉ ብስባሹን አብራችሁ ቀላቅሉ።

አራተኛ፣ ዩሪያ የሚገዛ ከሆነ ብቻውን አይሁን። ብስባሽ ባለበት አፈር ላይ በጥቂቱ ይጨመር።

ሥራው በማብሰያው ቤት ይጨረሳል

በቅጠል ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ ወደ ደም አይገባም። ቆስጣ ብረት አለው፤ ነገር ግን ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስላለው ሰውነታችን ከማዕድናቱ ብዙውን አይወስድም። ሱኩማ ዊኪና የአበሻ ጎመን በዚህ ይሻላሉ። ለእናቶቻችሁና ለእኅቶቻችሁ እነዚህን ንገሩ፤ ወንዶችም ብትሆኑ ራሳችሁ አብስሉ።

ጎመኑ ሳይከተፍ ይታጠብ። በጥቂት ውኃ ለአጭር ጊዜ ይቀቀል፤ ውኃውም አይደፋ። ሊበላ ሲል ሎሚ ይጨመቅበት፤ በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ሎሚ ከሌለ ጥሬ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አብሮ ይበላ። ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር አይጠጡ፤ ብረቱን ይይዙታል። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይቆዩ። የአዮዲን ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

ድስቱም ራሱ ይረዳል። በ1999 በላንሴት መጽሔት የወጣ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት በብረት ድስት የተሠራ ምግብ የበሉ ሕፃናት በአሉሚኒየም ድስት ከተሠራላቸው ይልቅ ደማቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። ቀለም የተቀባ ወይም ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ቁርጥራጭ ብረት ግን ድስት አይደለም።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። ጎመን መድኃኒት አይደለም። ሁልጊዜ የምትደክም፣ የዓይኗ ሽፋን ውስጥ የነጣ፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚመታ እኅት ካለቻችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። የደም ማነስ ከወባና ከሆድ ትልም ይመጣል፤ ይህን ቅጠል አያድነውም። ጓሮ የሚሠራው ሥራ ቀስ ያለ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየሰጠ ጉድለቱ እንዳይመጣ ያግዛል።

የክበቡ ሙከራ

ክርክሩን በአፍ ከምንጨርሰው በሥራ እንፈትነው። ሦስት ጆንያ እናዘጋጅ። አንደኛው አፈር ብቻ፣ ሁለተኛው አፈርና ዩሪያ፣ ሦስተኛው አፈርና ብስባሽ ይሁን። ዘሩ፣ ውኃው፣ ፀሐዩና የተተከለበት ቀን አንድ ይሁን፤ አለዚያ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ አናውቅም። በየሳምንቱ የቅጠሉን ብዛት፣ ርዝመትና ቀለም፣ የተለቀመውንም በሚዛን መዝግቡ። ማዕድኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ በዓይናችን አንለካውም። ስለዚህ በመዝገባችሁ መጨረሻ ላይ ሁለት ዓምድ አድርጉ፤ «ያየነው» እና «ልናየው ያልቻልነው»። ሁለተኛውን ዓምድ ባዶ የሚተው ክበብ ገና አልተማረም።

ጥያቄዎች

1. ጎመን ያለ አዮዲን በደህና የሚያድገው፣ ሰው ግን ያለ አዮዲን የሚታመመው ለምንድን ነው?
2. መደባችሁ 6 ካሬ ሜትር ቢሆን በዚህ ጽሑፍ በተጠቀሰው መጠን ስንት ግራም ዚንክ ሰልፌት ያስፈልጋል?
3. ፊንላንዶች የሴሊኒየሙን መጠን መልሰው የቀነሱት ለምንድን ነው? ከዚህ ምን ትማራላችሁ?
4. በቤታችሁ አካባቢ ካለ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። ምን አያችሁ? አመድ ይጨመርበት ትላላችሁ ወይስ አይጨመርበት?

መልሳችሁን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለክበቡ ጸሐፊ ስጡ። አራተኛውን ጥያቄ የሚመልስ ሁሉ አፈሩን ከየት እንዳመጣው ይጻፍ፤ መልሶቹን ሰብስበን የመጠለያችንን የአፈር ካርታ እንሥላለን።